ኳስ በሌለበት ሜዳ

ጫማ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣውን ድምፅ እስካሁን ለይቼ አውቃለሁ። እዚህ ደሴ፣ ከምሠራበት ክሊኒክ ጀርባ፣ አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶች ይለማመዱበታል። በሽተኛ ሲቀንስና ኮሪደሩ ጸጥ ሲል ድምፃቸው በመስኮት ይገባል። አንዷ ስትወርድ ተረከዟን ትጥላለች፤ ሌላዋ ለስለስ ብላ ታርፋለች። መልካቸውን አላውቅም፤ የትኛዋ ጉልበቷን እንደሚያማት ግን ከወዲሁ መናገር እችላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጣል አድርጎ አባራ። የጋለ ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ከዚያ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ገባ። ጓንቴን አውልቄ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ "ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ከአባቴ ቤት፣ ወደ ከተማ መጥቼ ቤት የተከራየሁት። ቤት ስልህ አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ በሯ ቆርቆሮ፣ ነፋስ ሲመጣ በሩ ሰው እንዳንኳኳው ይንኳኳል። ከመንደራችን ልጅ ጋር ነበር የተከራየነው። እሷ መስቀልን ለማክበር ወደ ቤተሰቦቿ እንደሄደች አልተመለሰችም፤ ትምህርቱን ተወችው። ክፍሏ ለእኔ ብቻ ቀረች። ለአንድ ሰው ትሰፋለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሰፋችብኝ።

አፌን የፈታሁት በኽምጣኛ ነው። አማርኛ የምናገረው እያሰብኩ ስለነበር፣ የምለውን እስካሰናዳ ድረስ የልጆቹ ወሬ ያልፈኛል። በዚያ ላይ ቁመቴ ነበረ። ከክፍሉ ወንዶች ሁሉ እበልጥ ስለነበር "የስልክ እንጨት" ይሉኛል። ትከሻዬን ሰብሬ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አባቴ በገበያ ቀን ሽሮና የገብስ ቆሎ በአህያ ጭኖ ይመጣና ትንሽ አውርቶኝ ይመለሳል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ዝም ብዬ የምውልበት ቀን ብዙ ነበር።

የስፖርት መምህርቷ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው፤ ከሲዳማ፣ ከሐዋሳ በኩል። ፀጉሯ አጭር ነበር፤ ስትራመድ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትቆጥባለች። ጉልበቷ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የስፌት ጠባሳ ነበራት። ድሮ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ኳስ ለመያዝ ዘላ ስትወርድ ጉልበቷ ዞረባትና ጨዋታው በዚያው አከተመ። ይህን የነገረችኝ ዘግይታ ነው። መጀመሪያ ቀን ያደረገችው ግን እኔን ከመጨረሻ ወንበር አስነስታ ከእግር እስከ ራሴ ማየት ነበር። ልጆቹ ሊስቁ ሲዘጋጁ፣

"እንዴት ደስ ይላል" አለች። "ከሰዓት ሜዳ እንገናኝ።"

ሜዳው የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነው። ሁለት ብረት ምሰሶ ቆሞበታል፤ አንደኛው ላይ ቀለበት አለ፣ ሌላኛው ላይ የለም። ዳር ዳሩን በለስ ታጥሯል። በመጀመሪያው ሰሞን ብዙ ሴት ልጆች ነበርን፤ ጫጫታችን አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ባጃጆች ቆመው ያዩናል። ከዚያ አንዷ ታጨችና ቀረች። ሁለት እህትማማቾችን ወንድማቸው አዲስ አበባ ወሰዳቸው። የሌላዋ እናት "ሴት ልጅ በቁምጣ" ብላ ከለከለቻት፣ ቁምጣ እንኳ አልነበረንም። የቀሩት ደግሞ ኳሱ ሲበሳ ቀሩ።

ኳሱ የተበሳው በለሱ ላይ አርፎ ነው። መምህርቷ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ የሚወጣውን አየር ሰማች። ጎማ የሚለጥፈው ልጅ ዘንድ ወሰደችው፤ ለጠፈው፤ አልያዘም። ሌላ እንዲገዛ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ጠየቀች። "ይመጣል" አሏት።

አንድ ቀን ሜዳ ስደርስ እሷ ብቻ ነበረች። የባንዲራው ምሰሶ የቆመበት የሲሚንቶ እርከን ላይ ተቀምጣለች።

"ሌሎቹስ?" አለችኝ።

"አልመጡም።"

"እሺ።"

"ኳሱስ?" አልኳት።

"እሱም አልመጣም።"

ሳቅን። ሰቆጣ ከገባሁ ወዲህ ከሰው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ከዚያ ተነሳችና፣ "ኳስ የማይፈልግ ነገር ላስተምርሽ" አለች።

ስሙን ነገረችኝ፤ ፕላዮሜትሪክ። እኔ ልጠራው ስሞክር ምላሴ ተጠላለፈ፤ "ዝላይ በይው፣ ይበቃል" አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከእርከኑ ላይ ትወርዳለህ፤ መሬት እንደነካህ ሳትዘገይ ወደ ላይ ትነሳለህ። "ጡንቻ እንደ ላስቲክ ነው" ትለኝ ነበር። "ስትወርጂ ይለጠጣል። ቶሎ ከተነሳሽ ጉልበቱን ይመልስልሻል፤ ከቆምሽ ግን ባከነ። መሬቱ ፍም ነው በይ። ፍም የረገጠ ሰው ምን ያደርጋል?"

ግን ይህን ሁሉ ወዲያው አላስደረገችኝም። መጀመሪያ መውረድ ብቻ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ትንሽ ዘልዬ ማረፍ፣ ትንሽ ዘልዬ ማረፍ። ጉልበቴ ወደ ውስጥ እንዳይሰበር፣ ወገቤ ዝቅ እንዲል፣ ድምፅ እንዳይኖረኝ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አዙራ ትቆምና ታዳምጣለች። "ሰማሁሽ" ትላለች፤ እንደገና እዘላለሁ። "አሁንም ሰማሁሽ።" በመጨረሻ አንድ ቀን ዘልዬ አረፍኩ፤ ዝም አለች። ዓይኗን ገልጣ ዞር ስትል የት እንዳለሁ ስትፈልገኝ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ከእርከን ወርዶ መነሳት፣ በሁለት እግር በድንጋይ ላይ መሻገር፣ በአንድ እግር ወደ ጎን መዝለል የመጣው። በየቀኑ አይደለም፤ በየቀኑ አልፈቀደችልኝም። ሲደክመኝ ታስቆመኛለች። "የደከመ እግር ክፉ ነገር ይማራል" ትላለች። ስንቆጥር እሷ በሲዳምኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በኽምጣኛ እቆጥራለሁ። ይህን የጀመርነው እንዲያው በጨዋታ ነው። አንድ ቀን፣ "እዚህ አገር በቋንቋዬ የሚያወራኝ የለም" አለችኝ። እኔም "እኔን በገበያ ቀን ብቻ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየቋንቋችን ሆነ። ማን ምን ያህል እንደደረሰ የምናውቀው ፊት ለፊት ተያይተን ነው።

ቅዳሜና እሁድ ብቻዋን ስትንጎራደድ አያት ነበር። ከመናኸሪያው በላይ ባለው መንገድ ጃኬቷን ለብሳ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን እየቆጠበች። መምህራኑ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ይጠሯታል፣ ያበሏታል። ግን ሁሉም ቤተሰብ ነበራቸው፤ ሲመሽ በየበራቸው ይገባሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ያደረገችው ነገር ትዝ ይለኛል። ልምምድ ከመጀመራችን በፊት "ምን በላሽ?" ትለኛለች። ሁሌ ነበር የምትጠይቀኝ። የዚያን ቀን እንቁላል ቀቅላ በሶፍት ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። "ጾም ነው መምህርት" አልኳት። ደነገጠች፤ የሷ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ስለሆነ አላሰበችውም። ከዚያ ወዲያ የተቀቀለ ሽንብራ ታመጣልኝ ጀመር፤ ሰዓቱንም ከበላሁ በኋላ አደረገችው። በዚያ ዓመት በልግ አልዘነበም ነበር። አባቴ የሚያመጣልኝ ስንቅ እየቀነሰ ነበር፤ እኔ ለማንም አልነገርኩም። ሽንብራው ግን እየበዛ ሄደ።

የቤት አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ግቢያቸው ከሜዳው ስለሚዋሰን በአጥሩ ቀዳዳ ስዘል ያዩኛል። አባቴ በገበያ ቀን ሲመጣ ጠብቀው ያዙት።

"ልጅህ ትዘላለች" አሉት። "ኳስ የለ፣ ምን የለ፣ እንዲያው ትዘላለች። ጸበል ብትወስዳት ይሻላል።"

አባቴ አህያውን ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋ አስሮ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሜዳው ዳር ቆመ። ያየሁት በመሀል ነው። ልቆም ስል መምህርቷ "ቀጥይ" አለችኝ፤ ቀጠልኩ። ከጨረስኩ በኋላ ቀረበን።

"እንደምን ዋሉ መምህርት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። እርስዎ እንደምን ዋሉ?"

"ደህና። ኳሱ የታለ?"

"ኳሱ ተበስቷል።"

አባቴ ሜዳውን ዞር ብሎ አየ፣ ቀለበቱንም አየ። "ታዲያ ምን ላይ ለመድረስ ነው የምትዘለው? ፍየልም ቢሆን እኮ ቅጠል አይታ ነው።"

መምህርቷ አልሳቀችም። አስቀመጠችውና ነገረችው። ግንቦት ላይ ወልዲያ የተጫዋቾች ምርጫ እንዳለ፣ የተመረጡት ልጆች ማሠልጠኛ ገብተው እየበሉ፣ እየተማሩ እንደሚጫወቱ። አባቴ ዱላውን እያየ ሰማ። ምን እንደሚያስብ አውቅ ነበር። የአጎቴ ልጅ አረብ አገር ለመሄድ እየተሰናዳች ነው፤ አጎቴ "የአንተንም ልጅ አብረን እንላካት፣ ሁለት ሆነው ይሻላቸዋል" እያለ ይጎተጉተዋል። በጎተራችን እህል እንደሌለም አውቅ ነበር።

"ምርጫው እስኪያልፍ" አለ አባቴ፤ ለእሷም ለእኔም አይደለም። ተነስቶ ወደ አህያው ሄደ።

ወልዲያ የሄድነው እኔና መምህርቷ ብቻ ነን። ሌላው ከየዞኑ በቡድን፣ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሶ፣ እየዘፈነ ነው የመጣው። የሚመዘግበው ሰው ቀና ብሎ "ከዋግ ኽምራ፤ ቡድናችሁ የት አለ?" አላት።

"ይህችው ናት" አለች መምህርቷ።

መጀመሪያ የዝላይ መለኪያ ነበር። ጣትህን ጠመኔ ታስነካና ከግድግዳ ሥር ቆመህ ትዘላለህ። ሌሎቹ ሲዘሉ ዳር ያሉት ይጮሁላቸዋል። ተራዬ ሲደርስ ጸጥ አለ፤ የሚያውቀኝ አልነበረማ። ዝቅ ብዬ ተነሳሁ። ለኪው ሰውዬ የቆመባት ወንበር አልበቃችውም፤ ተንጠራርቶ አየና "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት፤ ሁለተኛው ይበልጥ ከፍ አለ። ያን ጊዜ ማጉረምረም ተሰማ፤ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ወደ መምህርቷ ዞርኩ። እጇን አጣምራ ቆማለች። ግድግዳውን አልነበረም የምታየው፤ እግሬን ነበር፤ እንዴት እንዳረፍኩ።

ከዚያ ጨዋታው መጣ። ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ቀይ ሰደርያ አልብሰው አስገቡኝ። ኳስ ከቀለበት ተመልሶ ሲወጣ ከሁሉም በላይ ዘልዬ እይዘዋለሁ። ማንም አይደርስብኝም። ይዤው እወርዳለሁ፤ ድምፅ የለኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የጠፋኝ። ከግራም ከቀኝም ይጮሃሉ፤ "ስጪኝ፣ እዚህ፣ ወደኋላ።" ቃሉ አማርኛ ነው፤ እስካስበው ድረስ ያልፈኛል። ኳሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ እቆማለሁ። ፊሽካ ይነፋል። እንደገና እዘላለሁ፣ እይዛለሁ፣ እቆማለሁ። ለወራት ለማንም ኳስ አቀብዬ አላውቅም፤ የሚቀበለኝም አልነበረም። ኋላ ላይ የራሴ ቡድን ልጅ መጥታ ኳሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በአጠገቤ እያለፈ ሄደ፤ ወንዝ በድንጋይ አጠገብ እንደሚያልፍ።

መራጩ መምህርቷን ሲያናግራት ቅርብ ነበርኩ።

"እግሯ የሚገርም ነው" አላት። "ግን ብቻዋን ነው የምትጫወተው።"

"ብቻዋን ስለነበረች ነው" አለችው።

"ዘንድሮ አይሆንም እህቴ።"

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ በመስኮት በኩል ነበረች። ተራራው ቡናማ ነው፣ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ የሾፌሩ ሬዲዮ ይንሾካሾካል።

"ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለችኝ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር። "ሌሎቹ ሲቀሩ በየደጃቸው ሄጄ ማንኳኳት ነበረብኝ። አንቺ ስትመጪ ግን በቃኝ። ሰው አገኘሁ ብዬ በቃኝ።"

"ለእኔም በቅቶኝ ነበር" ልላት ፈለግኩ። ቃሉን እስካሰናዳ አውቶብሱ አንድ ትልቅ ኩርባ ዞረ፤ አንዲት ሴትዮ ከኋላ "ሾፌር፣ ልጁን አስመለሰው" አሉ፤ ቆምን። ስንነሳ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አሁንም፣ አማርኛው እንደ ውሃ ከሆነልኝ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ያን ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን እለዋለሁ። አጭር ነው። ምኑ እንደከበደኝ አላውቅም።

በገበያ ቀን አባቴ መጣ። ስንቁን እያወረደ "እንዴት ሆነ?" አለኝ።

"አልተመረጥኩም።"

"ዘለልሽ?"

"ዘለልኩ።"

"ከሰው ልጅ አነስሽ?"

"አላነስኩም።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

"ሰው" አልኩት፣ በኽምጣኛ።

አባቴ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ክፍሏን አየ፤ አንዲቷን ፍራሽ፣ አንዲቷን ኩባያ። ያን ያህል ጊዜ መጥቶ አይቷት የማያውቅ ይመስል ነበር።

"አረብ አገርስ ማን አለሽ?" አለ፤ ራሱን የሚጠይቅ ይመስላል። ተነሳና አቧራውን አራገፈ። "ተማሪ። ለአጎትሽ እኔ እነግረዋለሁ።"

ያን ጊዜ ምን ያህል እህል እንደቀረው አልጠየቅኩትም፤ አልነገረኝምም። የአጎቴ ልጅ ብቻዋን ሄደች።

መምህርቷ ነበረብኝ ያለችውን አደረገች። ክረምት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው በየቤቱ እየዞረች አንኳኳች። የአንዲቷን እናት ሦስት ጉልቻ ዳር ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠችላቸው አሳመነች አሉ። ጥቂት ልጆች ተመለሱ። አሁን ዝላዩ በጥንድ ሆነ፤ ፊት ለፊት ቆመን እንወርዳለን፣ አብረን እንነሳለን፣ አየር ላይ መዳፍ ለመዳፍ እናጋጫለን። የባልደረባህን ጊዜ ካላወቅህ እጅህ ባዶ ይመታል። መጀመሪያ እኔ ሁሌ እቀድም ነበር። ቀስ ብሎ መጠበቅን ተማርኩ። ካፊያው እየጣለብን፣ ጫማችን ጭቃ ይዞ፣ እጃችን ሲጋጭ የሚያወጣው ድምፅ ከግቢው ግንብ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በዕድሜዬ ደስ ብሎኝ የነበረበትን ጊዜ ንገሪ ብትለኝ እነዚያን ሳምንታት ነው የምነግርህ።

ትምህርት ሲዘጋ መምህርቷ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸከምኩላት። "ክረምቱን አትዝለዪ" አለችኝ፤ "አጥንትሽ ይረፍ። መስከረም ላይ እንገናኛለን።" የስልክ ቁጥሯን በቃሌ ያዝኩት፤ ስልክ አልነበረኝምና። መኪናው ሲነሳ በመስኮት በኩል መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። እኔም አነሳሁ።

መስከረም አልተገናኘንም። አገሩ ታመሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ከየወረዳው የተፈናቀለ ሰው ገባበት፤ የቀለበቱ ምሰሶ ልብስ ማስጫ ሆነ። አብረውኝ ይዘሉ የነበሩት ልጆች ከነቤተሰባቸው ወጡ፤ አንደኛዋን ብቻ ቆይቼ አገኘኋት፤ አግብታ ነበር። እኔ አባቴ ዘንድ ተመለስኩ፣ ከዚያ እንደገና ከተማ ገባሁ፣ ትምህርት ሲከፈት ተማርኩ፣ ሲዘጋ ጠበቅኩ። ቁጥሯን እንዳልረሳው ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም በቃሌ እደጋግመዋለሁ።

ስልክ የተመለሰ ዕለት ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። ሰው ግድግዳ ተደግፎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ይጮሃል፤ ያለቅሳል፣ ይስቃል። አከራዬን ሊጠይቅ ከመጣው የልጅ ልጃቸው ስልክ ተዋስኩ። ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባሁ። ድንኳኑ ተነስቷል፤ ዘበኛውም በር ላይ አልነበሩም። ቁጥሩን መታሁ። ጠራ።

"ሄሎ?" የወንድ ድምፅ ነው።

"መምህርት የለችም?" አልኩ።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?"

ስሟን ነገርኩት።

"አላውቃትም" አለ፤ በትህትና ነው። "ሲም ካርዱን ካወጣሁት ብዙም አልቆየሁም። ከኔ በፊት የሷ ሳይሆን አይቀርም። ሌሎችም ስሟን እየጠሩ ይደውላሉ።" አነጋገሩ የሷ አገር ነበር፤ ቃሉን ሲጨርስ ከፍ የሚያደርገው ነገር። "ከየት ነው የምትደውዪው?"

"ከሰቆጣ።"

"ሰቆጣ" አለ። ከጀርባው ልጅ ሲጫወት፣ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማኛል። "እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን" አልኩት። በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፣ እንደሚያውቀን ሁሉ። ከዚያ የምንባባለው አልነበረንም። እኔ ግን ስልኩን ቶሎ አልዘጋሁትም፤ እሱም አልዘጋብኝም።